ልጅሽ ወደ ደሴት ልትሄድ ነው? ብሩን ከመላክሽ በፊት ይህን ጠይቂ

ማታ ሥራ ጨርሰሽ ስልክሽን ስትከፍቺ የልጅሽ የድምፅ መልእክት ይጠብቅሻል። «እማ፣ ትምህርት ቤታችን ዝዋይ ደሴት ሊወስደን ነው። ሦስት ቀን ነው፣ ጓደኞቼ ሁሉ ይሄዳሉ። እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ እቀራለሁ።» ከተለያያችሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እንቢ ለማለት አንጀትሽ አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ምንም ሳንጠይቅ በእረፍት ቀናችን ዲራ ወጥተን እንልካለን።

ጉዞው ለልጅ ጥሩ ነው። ግን የተጠየቅሽው ብር ብቻ አይደለም፣ ፈቃድም ነው። የማዳም ልጅ ለካምፕ ሲሄድ ሻንጣውን ያዘጋጀሽው አንቺ ከሆንሽ ነገሩን ታውቂዋለሽ። ማዳም ብር ከመክፈሏ በፊት የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቃ ነው ወረቀት የምትፈርመው። ለአንቺም ልጅ ያው ይገባታል።

ቦታው እንዴት ያለ ነው?

ዝዋይ (ባቱ) ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሐይቁ ደምበልም ይባላል፤ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለው እዚያ ሲሆን፣ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን የተሸሸገው በዚህ ደሴት ነው ተብሎ ይነገራል። በደሴቶቹ የዛይ ሕዝብ ይኖራል፤ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ዓሣም ያጠምዳል። ልጅሽ በመጽሐፍ የተማረችውን በዓይኗ ታያለች። ስጋቱ ያለው ጀልባውና ውሃው ላይ ነው።

ምን ትጠይቂያለሽ?

ጀልባው፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? ጀልባው ከአቅሙ በላይ እንዳይጭን የሚቆጣጠረው ማነው? ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ስለሚበረታ ጠዋት መሻገሩ ይሻላል። ዋና መቻሏ ጃኬቱን አይተካም።

ውሃው፦ ሐይቁ ውስጥ መዋኘትም ሆነ እግር ነክሮ መጫወት ይቅርባት። ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓይን የማያየው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የተቀላቀለ ሰገራ ካየች ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሐይቅ ገብቼ ነበር» ትበል። በመድኃኒት ይድናል። ጉማሬም ስላለ በምሽት ወደ ዳር መውረድ የለም።

ማደሪያው፦ ድንኳን ነው ወይስ ቤት? ሴቶቹ ለብቻቸው ያድራሉ? አብራቸው የምታድር ሴት አስተማሪ አለች?

መንገዱ፦ በዚያ ሳምንት መንገዱ ሰላም ነው ወይ? መኪናው በሌሊት እንዳይጓዝ ጠይቂ።

ማንን ትጠይቂያለሽ?

ልጅሽን ብቻ አትጠይቂ። እሷ መሄድ ስለምትፈልግ ሁሉንም «አዎ» ትልሻለች። ትምህርት ቤቱ ደውዪ። ዱባይ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያ ስምንት ነው። ሥራ ካላስቻለሽ አያቷ ወይም አሳዳጊዋ በአካል ሄደው ይጠይቁ፤ ለአንቺ ሳይነግሩ ግን አይፈርሙ።

ብሩስ?

ትምህርት ቤቱ የጻፈውን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። ቀኑ፣ የብሩ መጠንና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይታይ። በማታውቂው ሰው የግል ሒሳብ አስገቢ ከተባልሽ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን አጣሪ። ፈቃድ ባለው ኤክስቼንጅ ላኪ፣ ደረሰኙንም አስቀምጪ። ከሌለሽ በወለድ አትበደሪ። ከማዳም ደመወዝ ቀድመሽ ከወሰድሽም ስንት እንደሆነና ከየትኛው ወር እንደሚቆረጥ በጽሑፍ ይኑርሽ፤ የዋትሳፕ መልእክትም ይጠቅማል።

መልሱ ካላጠገበሽ «አይሆንም» በያት፤ ምክንያቱንም ንገሪያት። ብር ስለጠፋ ከሆነ ብር የለኝም በያት፣ ጀልባው ስላስፈራሽ ከሆነ ጀልባው በያት። ታለቅስ ይሆናል። እውነቱን ከነገርሻት ግን ርቀሽም እናቷ እንደሆንሽ ታውቃለች።

ከፈቀድሽ ደግሞ አብሯት የሚሄደውን አስተማሪ ስልክ ያዢ። ሦስት መልእክት እንድትልክልሽ ተስማሙ፦ ባቱ ስትደርስ፣ ከደሴቱ ተመልሳ ከጀልባ ስትወርድ፣ ቤት ስትገባ። ደሴቱ ላይ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል በመሃል ዝም ብትል አትደንግጪ። የተባባላችሁት ሰዓት ካለፈ ግን ለአስተማሪው ደውዪ።