ያውቁ ኖሯል? የዛፍ እንቁራሪት በባትሪ ብርሃን

በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች እንዳሉ፣ ከ10ሩ 4 ያህሉም ከእኛ አገር በቀር የትም እንደማይገኙ ያውቁ ኖሯል? ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃቸዋል። እነዚህ ግን በአብዛኛው የሚወጡት ሲመሽ ነውና ክረምት በመጣ ቁጥር ጩኸታቸውን እየሰማን አንዱን ከሌላው ሳንለይ እንኖራለን።

በሰሜን ወሎ ያሉት ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ዝናባማ ደን የላቸውም። ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚሹት እንቁራሪቶች ያሉት እንደ ባሌው ሐረና፣ ከፋ፣ ሸካና ኢሉባቦር ባሉ ቦታዎች ነው። አንዱን ከሌላው የመለያው መንገድ ግን የትም አንድ ነው፤ በሐረና ጫካ የሚሠራው በሀብሩዋ ጊራና የመስኖ ቦይ ዳርም ይሠራል።

በሌሊት ከዓይን ጆሮ እንደሚቀድም ያውቁ ኖሯል? ሴቷን ለመጥራት የሚጮኸው በአብዛኛው ወንዱ ነው። የሚጮኽ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ጥሪ አለው፤ ሴቷም በጨለማ የወገኗን ወንድ የምታገኘው በዚያ ጥሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪዎን አጥፍተው ዝም ብለው ይቁሙ። ኮቴ ሲሰሙ ጸጥ ይላሉ፤ ጥቂት ከታገሡ አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹም ይከተላሉ። ያኔ በስልክዎ ይቅዱ።

ከዚያ ባትሪውን ያብሩ። ግን በእጅዎ ዝቅ አድርገው ሳይሆን ከዓይንዎ ጎን፣ በጆሮ ግንድዎ ልክ ይያዙት። የእንቁራሪት ዓይን የገባበትን ብርሃን ወደመጣበት ስለሚመልስ፣ እንዲህ ሲሆን ብቻ ከሩቅ ሲያበራ ይታይዎታል። ሸረሪትም ዓይኗ ያበራል፤ የእሷ ነጥብ ግን በጣም ደቃቅ ነው።

ቀለም እንደሚያሳስት ያውቁ ኖሯል? አንዱ እንቁራሪት ቀን ፈዞ ማታ ሊደምቅ ይችላል። አስተማማኙ ምልክት የዓይን ብሌን ነው። ሌፕቶፔሊስ የሚባሉት የዛፍ እንቁራሪቶች ትልቅ ዓይን፣ ሰፊ ጭንቅላትና በብርሃን ሲጠብ ቀጥ ብሎ የሚቆም ብሌን አላቸው። ሃይፐሮሊየስ የተባሉት የሸምበቆ እንቁራሪቶች ብሌን ደግሞ አግድም ነው። ቀጥሎ የእንቁራሪቱን ጣቶች ይመልከቱ፤ ጫፋቸው እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ ከሆነ ቅጠል ላይ የሚወጣ ነው። ጉርጥ ከሆነ ቆዳው ሻካራ፣ ከዓይኑ ኋላም መርዝ የሚያመነጭ እብጠት ያለው ነው።

ከደኑ ነዋሪዎች ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ እና ሌፕቶፔሊስ ቫኑቴሊ የሚገኙት በኢትዮጵያ ብቻ ነው። የዚህ ወገን ሴቶች እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ አይጥሉም፤ ውሃ ዳር አፈር ውስጥ ይቀብራሉ። ጭራ ያላቸው እጮች ከተፈለፈሉ በኋላ እየተንፈራገጡ ወደ ውሃው ይወርዳሉ።

ደግሞም ከዚሁ ወገን ዛፍ ላይ የማይወጣ አለ! ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ በደጋው ሣር ውስጥ የሚኖር፣ መሬት የሚቆፍር እንቁራሪት ነው። ከፍታው እስከ 3,900 ሜትር በሚደርስ ቦታ ሳይቀር ተገኝቷል። የዛፍ እንቁራሪት ፍለጋ ወደ ደን ብቻ መሄድ የለብንም ማለት ነው።

እንሰትን ቤቱ ያደረገ እንቁራሪትም አለን። አፍሪክሳለስ እንሰቲኮላ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ መገኘቱን በሚያስታውስ መንገድ ነው። የሰየመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው እንግሊዛዊው ማልኮም ላርገን ነው። የእሱ ስምም በተራው በባሌ ተራሮች ለምትኖር ጉርጥ ተሰጥቷል፤ እሷም እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃ ውጭ፣ በእርጥብ መሬት ላይ ነው።

ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ የሚውጡ እንቁራሪቶች እንዳሉንስ ያውቁ ኖሯል? ወገናቸው ፓራካሲና ይባላል፤ ሁለቱም ዝርያዎቹ የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። መንጋጋቸው ለዚህ አመጋገብ የተለየ ሆኖ መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1981 በጥናት ተገልጿል።

የስምጥ ሸለቆ ለደጋ እንቁራሪቶች ትልቅ ድንበር ነው። ሞቃቱንና ደረቁን ቆላ መሻገር ስለሚከብዳቸው፣ በግራና በቀኝ ባሉት ደጋዎች የሚኖሩት በዘር እየተለያዩ መሄዳቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዘረመል ጥናት አሳይቷል።

አዲስ ዝርያ ማግኘትም ያለፈ ታሪክ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ከቢቢታ ተራራ ደን የተገኘችው ፍሪኖባትራከስ ቢቢታ የተባለች እንቁራሪት ለዓለም የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ርዝመቷ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ፍጥረት ፈልጎ ማግኘት ሊደነቅ የሚገባው ሥራ ነው።

የሚያሳዝነው የባሌው ጉዳይ ነው። በሐረና ደን የሚኖረው ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የተባለ እንቁራሪት ከመላው ዓለም በዚያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ደኑ በተጨፈጨፈ፣ ከብትም በበዛ ቁጥር መጠለያው ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በአካባቢው ያሉት ብርቅዬ እንቁራሪቶች ክፉኛ መመናመናቸውን አስጠንቅቋል። ኪትሪድ የተባለው፣ የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃው ፈንገስም ባሌ ደርሷል። እንቁራሪት በቆዳው ጭምር ስለሚተነፍስና ውሃ ስለሚስብ፣ ቆዳው ከታመመ ልቡ እስከ መቆም ይደርሳል።

ፈንገሱ በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል። ስለዚህ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላው ሲሄዱ ጫማዎን አጥበው ያድርቁ። የትንኝ መከላከያ ቅባት በነካ እጅ እንቁራሪት አይንኩ፤ ቢቻል ጨርሶ አይንኩ፣ ፎቶ ያንሱ። በመርሳና በጊራና በኩል ወባ አለና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ለእባብም ቦት ጫማ ያድርጉ፤ ብቻዎን አይውጡ። በበልግም ሆነ በክረምት ዝናብ ባባራ ማግስት ማታ የቀዱትን ድምፅና ያነሡትን ፎቶ ከቀኑና ከቦታው ስም ጋር ያስቀምጡ፤ በአቅራቢያዎ ላለ የባዮሎጂ መምህርም ያሳዩ።