በምላጭ የተቆረጠ ዲስኮ፦ ፍራንኪ ናክልስ

ጁላይ 12 ቀን 1979 ምሽት (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቺካጎ ውስጥ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባለው የቤዝቦል ሜዳ መሐል፣ በሣጥን የተከመሩ የዲስኮ ሸክላዎች በፈንጂ ጋዩ። ሐሳቡ ስቲቭ ዳል የተባለ የሮክ ሬዲዮ አቅራቢ ነበር፤ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሁሉ በ98 ሳንቲም ይገባ ነበር። ከፍንዳታው በኋላ ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፤ የምሽቱ ሁለተኛ ጨዋታ ሳይካሄድ ቀርቶ ባለሜዳው ዋይት ሶክስ በፎርፌ ተሸነፈ። እስከ ዛሬ ነገሩን እንደ ቀልድ የሚያወራው ብዙ ነው። በዚያ ምሽት አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ጥቁር ቪንስ ሎውረንስ ግን ሰዎቹ ያመጡት ዲስኮን ብቻ እንዳልነበር፣ የጥቁር ዘፋኞች ሸክላ ከሆነ ዓይነቱን እንዳልለዩ በኋላ ተናግሯል።

እዚያው ከተማ፣ በደቡብ ጄፈርሰን ጎዳና ቁጥር 206፣ ያንኑ የተጠላ ሙዚቃ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጫውት ሰው ነበር። ፍራንኪ ናክልስ በ1955 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ተወለደ። በወጣትነቱ የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ተማረ፤ የሙያውን ሀሁ ግን ከጓደኛው ከላሪ ሌቫን ጋር በከተማዋ ክለቦች ውስጥ ቆጠረ። ሮበርት ዊሊያምስ ቺካጎ ላይ በአንድ የቀድሞ ፋብሪካ ሕንፃ ዌርሃውስ የተባለውን ክለብ ሲከፍት መጀመሪያ የጠራው ሌቫንን ነበር። ሌቫን ኒው ዮርክን አልለቅም አለ። በ1977 ናክልስ ሄደ።

ወደ ዌርሃውስ የሚመጡት በአብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነበሩ፤ ሌላው የከተማዋ ክለብ በቀላሉ የማያስገባቸው ሰዎች። ሬዲዮ አያስተዋውቀውም፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚዞረው።  ወጣቶቹ በየሸክላ ቤቱ እየሄዱ «ዌርሃውስ የሚጫወተውን» ሲሉ፣ አጥሮ «ሀውስ» ሆነ።

ከዚያ የስታዲየም ምሽት በኋላ ግን ዲጄው ተቸገረ። አሳታሚዎች ከዲስኮ እየሸሹ ሄዱ፤ አዲስ የሚያስጨፍር ሸክላ እንደ ልብ አይገኝም። ጨፋሪው ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ባለፈው ሳምንት የሰማውን ዛሬም እንዳለ ቢደግሙለት ይሰለቻል። ችግር በቅቤ ያስበላል ይባል የለ? ናክልስ የድምፅ ምሕንድስና ይማር ከነበረው ጓደኛው ከኢራስሞ ሪቬራ ጋር ሆኖ ነባሮቹን ዘፈኖች በቴፕ ይቆራርጥ ጀመር።

ይህን ሥራ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ የሀውስ ሙዚቃ ምሥጢር ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘፈኑ ከሸክላ ወደ ትልቅ የቴፕ ክር ይቀዳል። በባለሙያ ማሽን ላይ ክሩ በሴኮንድ 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሮጣል። እንግዲህ በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን ውስጥ አንዷ ምት 19 ሳንቲ ሜትር ክር ላይ ታርፋለች ማለት ነው፤ አራት ምት 76 ሳንቲ ሜትር። ሰውየው ክሩን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ እየጎተተ የከበሮው ድምፅ የሚጀምርበትን ነጥብ ያገኛል፣ ምልክት ያደርጋል፣ በምላጭ ይቆርጣል፣ ከሌላ ቁራጭ ጋር በሚጣበቅ ፕላስተር ይቀጥለዋል። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮና ባስ ብቻ የሚቀሩባትን ሃያ ሴኮንድ ደጋግሞ በመቅዳትና በመቀጠል አምስት ደቂቃ ያደርጋታል፤ ግጥሙ ሲጠብቁት ሲጠብቁት ዘግይቶ ይመጣል። በግማሽ ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ቁራጭ ጆሮ ላያውቀው ይችላል። በሁለት ሳንቲ ሜትር የተሳሳተ ግን የጨፋሪውን እግር ያደናቅፋል። የጨርቅ ንድፍ የተማረ ሰው ቆርጦ መቀጠል እንዴት እንደሚመቸው መገመት አያዳግትም፤ ይህ የእኔ ግምት ነው እንጂ እሱ ሲለው ሰምቼ አይደለም።

ሌሊት ደግሞ በሁለት ሸክላ ማጫወቻዎች መሐል ይቆማል። አንዱ ለሕዝቡ እየተሰማ፣ ሁለተኛውን በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ያዳምጣል። ፍጥነቱን በመቆጣጠሪያው በጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያደረገ ምቶቹን ሲያገጥማቸው፣ ጨፋሪው ዘፈን መለወጡን ሳያውቅ ሌላ ዘፈን ውስጥ ይገኛል። ናክልስ በዚህ ላይ ቲያትር ይጨምርበት ነበር፦ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ የሚከንፍ ባቡር ድምፅ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ያሳልፋል።

በ1982 መጨረሻ ዌርሃውስን ለቆ ፓወር ፕላንት የተባለ የራሱን ክለብ ከፈተ። በዌርሃውስ ባለቤት በዊሊያምስ አዲሱ ክለብ በሚውዚክ ቦክስ ደግሞ ሮን ሃርዲ ተተካ። ሃርዲ ፈጣንና ጨካኝ ነበር፤ ናክልስ የረጋ፣ ለዜማ የሚሳሳ። የሁለቱ ፉክክር ለከተማዋ ጠቀማት፤ ልጆቹ ቤታቸው የሠሩትን ሙዚቃ በካሴት ይዘው ወደ ሁለቱም ይሮጡ ነበር። በ1984 ጄሲ ሳንደርስ «ኦን ኤንድ ኦን»ን አሳተመ፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የሀውስ ሸክላ የሚሉት ነው፤ አብሮት የጻፈው ደግሞ ያው የስታዲየሙ አስተናጋጅ ቪንስ ሎውረንስ። ናክልስም ከዲትሮይቱ ሙዚቀኛ ከዴሪክ ሜይ ሮላንድ ቲአር-909 የተባለ የከበሮ ማሽን ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ ባረጁት ዘፈኖች ሥር የራሱን ከበሮ ማስገባት ቻለ።

ከጄሚ ፕሪንሲፕል ጋር የሠራው «ዩር ላቭ» ከመታተሙ በፊት ዓመታት በቴፕ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዘፈኑ የፕሪንሲፕል ሆኖ ሳለ ትራክስ የተባለው አሳታሚ በናክልስ ስም ማውጣቱ ግን በዚያ ዘመን የቺካጎ ልጆች ከሥራቸው ምን ያህል እንደተጠቀሙ ያሳያል። ገንዘቡም ዝናውም የተገኘው ባሕር ማዶ ነው፤ በጃንዋሪ 1987 የስቲቭ «ሲልክ» ሃርሊ «ጃክ ዩር ቦዲ» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ሀውስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

ናክልስ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ከዴቪድ ሞራሌስ ጋር በዴፍ ሚክስ ስም የታላላቅ ዘፋኞችን ሥራ እንደገና አቀናበረ። በ1998 ግራሚ ለሪሚክስ ባለሙያ ሽልማት መስጠት ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ሆነ። በ2004 ቺካጎ በዌርሃውስ ደጅ የሚያልፈውን መንገድ በስሙ ጠራችው፤ ነገሩን ከደገፉት አንዱ የያኔው የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር ባራክ ኦባማ ነበር። የስኳር ሕመም ጸንቶበት አንድ እግሩ ከተቆረጠ በኋላም ማጫወቱን አልተወም። ማርች 31 ቀን 2014 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ ለንደን ላይ ካጫወተ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ሸክላዎቹ ዛሬ በቺካጎ ስቶኒ አይላንድ አርትስ ባንክ ይገኛሉ።

ሀውስ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው በ1991 የወጣውን «ዘ ዊስል ሶንግ» አስቀድማለሁ። ዋሽንት የሚመስል ዜማ ነው የሚመራው፤ ለእኛ ጆሮ አይከብድም። «ዩር ላቭ» ይከተላል። በስልክ ስፒከር ግን አይሞከር፦ ባሱ አይሰማም፣ ባሱ ካልተሰማ ደግሞ ናክልስ የደከመበት ግማሹ የለም።