ባለ ሁለት ኮር ወይስ ባለ አራት ኮር? ለሰበካ ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ ሲገዛ

በአሰላና በአርሲ ደጋማ ወረዳዎች የሚገኙ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤያት የምእመናንን መዝገብ፣ የአሥራት በኩራቱን ሒሳብና የክርስትና ምስክር ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር በጀመሩበት በዚህ ወቅት፣ ለፕሮጀክት ክፍላችን ደጋግሞ ከሚቀርበው ጥያቄ አንዱ «ባለ ሁለት ኮር ላፕቶፕ ይበቃናል ወይስ ባለ አራቱን እንግዛ?» የሚል ነው። ገንዘቡ ከሙዳየ ምጽዋት የሚወጣ፣ ግዥውም በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚፈጸም በመሆኑ ጥያቄው ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል።

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጽም ክፍል ሲሆን፣ ኮር የሚባለው በውስጡ ያለ ራሱን የቻለ አንድ ሠራተኛ ነው። ቀድሞ አንድ ፕሮሰሰር አንድ ኮር ብቻ ነበረው፤ አምራቾቹም ያንኑ አንዱን ማፍጠን ነበር ሥራቸው። ፍጥነቱ ሲጨምር ሙቀቱም እየጨመረ ሄዶ መንገዱ ሲዘጋባቸው ሠራተኛውን ማብዛት ጀመሩ። ኢንቴል ኮር ዱዎ የተባለውን ባለ ሁለት ኮር የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ያወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ሠራተኛ ሲበዛ ሥራ ሁሉ ይፈጥናልን? ደቦን እናስብ። የስንዴው ማሳ ሰፊ በመሆኑ ሃያ ሰው ተከፋፍሎ ቢያጭደው በጊዜ ያልቃል። አንድ ደብዳቤ ግን በአንድ ብዕር የሚጻፍ ነው፤ አራት ጸሐፍት በአንዲት መስመር ላይ ቢሰለፉ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ እንጂ ጽሕፈቱ አይፈጥንም። የኮምፒዩተር ሥራም እንዲሁ ነው። በዎርድ ደብዳቤ መጻፍ፣ በኤክሴል የወር ሒሳብ መዝጋት በአመዛኙ የአንድ ኮር ሥራ ነው። የበዓልን ቪዲዮ ማቀናበር፣ ወይም ጸረ ቫይረሱ ከበስተኋላ እየፈተሸና ኢንተርኔቱ ተከፍቶ ሳለ በሌላ ሥራ መቀጠል ግን እንደ ማሳው የሚከፋፈል ነውና አራት ኮር ይጠቅመዋል።

የአርሲ ገበሬ ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል፤ አንድ ኮምባይነር ብዙ ማጭድ ያስንቃል። ኮርም በቁጥር ብቻ አይመዘንም። ሴሌሮን ኤን 4120 የተባለው ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው፤ ፍጥነቱ ግን ቢበዛ 2.6 ጊጋኸርዝ ነው። ኮር አይ 3-1115ጂ4 ያለው ሁለት ኮር ብቻ ሲሆን እስከ 4.1 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ እያንዳንዱም ኮር በአሠራሩ እጅግ የበረታ ነው። ለሰበካ ጸሐፊና ለሒሳብ ሹም ሥራ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እንመርጣለን። «አራት ኮር፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ» ተብሎ በርካሽ የሚቀርበው ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው ወገን ስለሆነ ስሙን ማንበብ ይገባል።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት የሚመጣው ከተለጠፈው ምልክት ነው። ገዢው «ኮር አይ 5» የሚለውን አይቶ አምስት ኮር ወይም ቢያንስ አራት ያለው ይመስለዋል። ቁጥሩ የደረጃ ስም ነው እንጂ የኮር ብዛት አይደለም። ከሰባተኛው ትውልድ ኮር አይ 5-7200ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ በዚያው ትውልድ ኮር አይ 7-7500ዩ እንኳ ሁለት ነው። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የስምንተኛው ትውልድ ኮር አይ 5-8250ዩ ግን አራት አለው። ያገለገሉ ላፕቶፖች በሚሸጡበት ገበያ ሁለቱም «ኮር አይ 5» ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለማጣራት ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት መጫን፣ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን መምረጥ ነው። እዚያ «ኮርስ» ከሚለው ፊት ያለው ቁጥር እውነተኛው ነው። ከሥሩ «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚለው ብዙ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ኮር ሁለት ሥራ እያፈራረቀ መያዙን ስለሚያሳይ፣ ሻጩ «ይኸው አራት» ቢል ወደዚያ እንዳያመለክታችሁ።

ትውልዱን የምናጠብቅበት ሌላ ምክንያት አለን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። የምእመናን ስም፣ ስልክና የገንዘብ መዝገብ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ጥበቃው በተቋረጠ ሥርዓት ላይ እንዲቆይ አንመክርም።

አራት ኮር ባትሪ ይጨርሳል የሚል ስጋትም ይነሣል። ከላይ የጠቀስናቸው 7200ዩ እና 8250ዩ ሁለቱም የተመደቡት በ15 ዋት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያሳፍረው ያረጀ ባትሪ ነውና ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ቻርጀሩን ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ማሠራት ይገባል።

ገንዘቡ ካልበቃ ከምን ይቀነስ? ራም ከ8 ጊጋባይት፣ ማከማቻውም ከኤስ ኤስ ዲ ባያንስ ይመረጣል፤ ኤስ ኤስ ዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ከአሰላ ወደ ገጠር አጥቢያ በኮረኮንች መንገድ ሲጓዝም ይታመናል። ይሁን እንጂ እነዚህ በብዙ ላፕቶፖች በኋላ ሊጨመሩ ወይም ሊለወጡ ይችላሉ። ፕሮሰሰሩ ግን ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ የተገዛው እንደ ሆነ ይኖራል።

ጉዳዩ የሚወሰነው ታዲያ ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ነው። በመጠየቂያው ላይ «ኮር አይ 5 ላፕቶፕ» ብቻ ከተጻፈ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው ባለ ሁለት ኮሩ አሮጌ መሆኑ አይቀርም፤ ኮሚቴውም በጽሑፍ የጠየቀውን ስለተቀበለ የሚከራከርበት አይኖረውም። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ኢንቴል ኮር አይ 5፣ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ፣ ኮር 4 ወይም ከዚያ በላይ፣ ራም 8 ጊጋባይት፣ ኤስ ኤስ ዲ 256 ጊጋባይት፤ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር በፕሮፎርማው ላይ ይገለጽ»። ሥራው ደብዳቤና ሒሳብ ብቻ ለሆነ አነስተኛ አጥቢያ «ኮር አይ 3-1115ጂ4 ወይም የተሻለ» ማለት ይበቃል። ዕቃው ሲመጣ ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት ጸሐፊውና የቁጥጥር ተወካዩ በታስክ ማናጀር የሚታየውን ቁጥር ከፕሮፎርማው ጋር ያመሳክሩ፤ ካልተስማማ ርክክቡ ሳይፈጸም ይመለስ።