ዝም ያለው ተማሪ ሰነፍ ነውን?

አንድ ተማሪ ወባ ሲይዘው ሁሉም ያዝንለታል፤ ጓደኞቹ ያመለጠውን ትምህርት ይገለብጡለታል፤ ወላጆቹም ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዱታል። ሌላው ተማሪ ግን ሳያተኩሰውና ሳያስለው ከሰው ሲለይ፣ ትምህርቱን ሲጠላና ከመኝታው መነሣት ሲያቅተው «ሰነፈ» ወይም «ጠገበ» ይባላል እንጂ «ታመመ» የሚለው የለም።

ይህ ሕመም ድባቴ ይባላል። ሆኖም ኀዘን ሁሉ ድባቴ አይደለም። ዘመድ የሞተበት ወይም በፈተና የወደቀ ሰው ቢያዝን ተገቢ ነው፤ ኀዘኑም ቀስ በቀስ እየቀለለ ይሄዳል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ኀዘኑ ወይም ነገርን ሁሉ መጥላቱ በየቀኑ ለ2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሲቈይ፣ ከዚህም ጋራ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሲዛባ፣ ጉልበት ሲያንስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ ሲያስቸግርና ሰው ራሱን «አልረባም» ማለት ሲጀምር ነው። በእኛ ዕድሜ ሕመሙ በኀዘን ፋንታ በቍጣና በንጭንጭ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ባለጌ ተብሎ የሚቀጣው ልጅ ምናልባት በሽተኛ ይሆናል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት መካከል ከ7ቱ አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ያገኘዋል፤ ድባቴም ከነዚህ አንዱ ነው። እንግዲህ ነገሩ ከክፍላችን ሩቅ አይደለም።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱን ጭነት የቻለች አህያ ሌላው ሲደረብባት እንደምትወድቅ፣ ሰውንም የሚጥለው የሸክሙ መደራረብ ነው። ወላጁ ይህ ሕመም የነበረበት ልጅ ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል። ከጉርምስና በኋላም ሕመሙ በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ያህል ይበዛል፤ የሰውነት ለውጥ፣ የቤት ሥራ ብዛት፣ ጥቃትና ያለዕድሜ ጋብቻ ሸክሙን ያከብዱታል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በውርጌሳ ወይም በመርሳ ቤት ተከራይቶ ከቤት ባመጣው ስንቅ የሚማር ልጅ፣ እናቱ ወይም ወንድሙ ወደ ዓረብ አገር የሄዱበትም ልጅ፣ ማታ የሚያጫውተው ሰው የለውም። ጭንቀቱን በጫትና በመጠጥ ለመርሳት የሚሞክር ደግሞ እንቅልፉን አጥቶ ጭንቀቱን ያበዛል።

በእኛ አገር በዚህ ላይ የተጨመረ አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ፣ መርሳና ውርጌሳ በጦርነቱ መካከል ነበሩ፤ ብዙ ቤተ ሰብ ተሰደደ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘረፉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በተነሣው ግጭትም በብዙ ወረዳ ትምህርት ተቋረጠ። ይህን ሁሉ ያየ ልጅ «ለምን ደነዘዝህ?» ተብሎ ባይጠየቅ መልካም ነው።

ከዚያም ፈተናው አለ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ነበሩ። ከመቶ ከ90 የሚበልጠው ሳያልፍ በሚቀርበት ጊዜ፣ ልጅን በውጤቱ ብቻ መመዘንና ከጎረቤት ልጅ ጋራ ማወዳደር በቍስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ተማሪ የሆንን ሁሉ ዝም ያለውን ጓደኛችንን ቀርበን «ምን ሆንህ?» እንበለው፤ ሳንመክርና ሳንስቅ እናዳምጠው። መሞትን እመኛለሁ የሚል ቢኖር ግን ምሥጢር ነው ብለን አንደብቅ፤ ብቻውን ሳንተወው ለሚያምነው ትልቅ ሰው ወዲያው እንንገር። መምህራን ውጤቱ በድንገት የወደቀውን ተማሪ ከመቅጣታቸው በፊት ለብቻው ጠርተው ቢጠይቁት ብዙ ይረዱታል። ወላጆችም ልጃቸውን ጸበል ቢያስጠምቁትም፣ ዱዓ ቢያስደርጉለትም፣ ይህ ሕክምናን አይከለክልም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ይላካል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በንግግር ይጀመራል፤ ሐኪሙ ካዘዘም መድኃኒት ይጨመራል። ብዙዎችም በዚህ ድነው ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ነገር ግን ታማሚው በሽታውን የሚደብቀው እኛ ስለምንስቅበት ነው። መሳቁን ብንተው እርሱም መናገር ይጀምራል።