የኋላ ጎማዎች የሚታጠፉበት ምክንያት

የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚጠቀምበት ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን ለመነሳት ሲዘጋጅ ክብደቱ እስከ 347 ቶን ይደርሳል። መሬት ላይ የሚሸከሙት 14 ጎማዎች ናቸው፤ ሁለቱ ከአፍንጫው ሥር፣ የቀሩት በሁለቱ ዋና እግሮች ላይ ስድስት ስድስት ሆነው። የጎማው ብዛት ክብደቱን ስለሚያከፋፍል የማኮብኮቢያው ንጣፍ አይጎዳም። አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ግን ይኸው ብዛት ችግር ይፈጥራል።

ተሽከርካሪ ሲታጠፍ ጎማዎቹ በሙሉ በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ጎማ ያለ ችግር የሚንከባለለውም በራሱ የክብ መስመር አቅጣጫ ሲያይ ነው። በአንድ እግር ላይ ተከታትለው የተተከሉ ሦስት ጥንድ ጎማዎች ሁሉም ቀጥ ብለው ከቀሩ ይህ አይሆንም። ወደ ጎን እየተጎተቱ ንጣፉን ይፍቃሉ፣ ቶሎ ያልቃሉ፣ እግሩንም ይጠመዝዛሉ። የአፍንጫው ጎማ ደግሞ የእነሱን እምቢታ ማሸነፍ ስላለበት፣ በተለይ መሬቱ እርጥብ ከሆነ፣ ሳይታጠፍ ወደ ፊት ሊንሸራተት ይችላል።

ስለዚህ በ777 ላይ የመጨረሻው ጥንድ እንዲታጠፍ ተደርጓል። አብራሪው በጎኑ ያለችውን ትንሽ መሪ ሲያዞር የአፍንጫው ጎማ እስከ 70 ዲግሪ ይዞራል። ማዕዘኑ 13 ዲግሪ ሲያልፍ የኋለኞቹ ጥንዶች በሃይድሮሊክ ኃይል፣ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እስከ 8 ዲግሪ ይታጠፋሉ። ትንሽ ቢመስልም የጎማውን ፍትጊያ በእጅጉ ይቀንሳል። ቦይንግ 747 አራት ዋና እግሮች ስላሉት መላው ሌላ ነው፤ ከሆዱ ሥር ያሉት ሁለት እግሮች እንዳሉ እስከ 13 ዲግሪ ይዞራሉ። 32 ጎማ የነበረው፣ በ2022 ዩክሬን ውስጥ የወደመው አንቶኖቭ 225ም ከኋላ የሚታጠፉ ዋና እግሮች ነበሩት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በዝግታ ሲነዱ ብቻ ነው። በመንደርደር ፍጥነት ላይ የኋላ ጎማ በጥቂቱ ቢዞር እንኳ አውሮፕላኑን ከመስመር ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ በ777 ላይ የኋላው ጥንድ ቀጥ ብሎ ይቆለፋል፤ ሳይቆለፍ የሞተሩ ኃይል ለመነሳት ከተጨመረ የአብራሪዎቹ ክፍል ማስጠንቀቂያ ያሰማል። ንድፉን የሚያስመሰግነው ከመታጠፉ ይልቅ ይህ ጥንቃቄ ነው።

የኋላው ጥንድ ቢታጠፍም ዋና እግሮቹ ከአፍንጫው ጎማ ይልቅ ወደ ውስጥ ቀርበው ያልፋሉ። ስለዚህ አብራሪው በጠባብ መታጠፊያ ላይ የመሐሉን መስመር አልፎ ከሄደ በኋላ መሪውን ያዞራል፤ አለዚያ የውስጠኛው እግር ከንጣፉ ይወጣል።