የአእምሮ ሐኪም ተስማሚ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ከገነተ ማርያምና ከአካባቢዋ የላስታ ቀበሌዎች የአእምሮ ሕመምተኛ ይዞ ወደ ከተማ የሚወርድ አርሶ አደር ብዙ ጊዜ በግ ወይም ገብስ ሸጦ ነው የሚጓዘው። ለሕመምተኛውና ለአስታማሚው መጓጓዣ፣ ለምግብና ለማደሪያ የሚወጣው ገንዘብ ከመድኃኒቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ሁሉ ወጪ የተገኘው ሐኪም ካልተስማማ ሕክምናው በመሀል ይቋረጣል፤ ሕመሙ ያገረሻል፤ ቤተሰቡም ለሁለተኛ ጉዞ የሚሸጠው ያጣል።

ምርጫው ሰፊ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የአእምሮ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም ነው። በዚህ ምክንያት በገጠር መጀመሪያ የሚገኘው ባለሙያ የአእምሮ ሐኪም ሳይሆን የሳይካትሪ ነርስ ወይም ሥልጠና የወሰደ ጤና መኮንን ነው። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ የብዙ ሕመምተኞች ክትትል በእነዚህ ባለሙያዎች በአግባቡ ይከናወናል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክሮ ለውጥ ካልታየ፣ ሕመምተኛዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ካለ ግን ወደ ስፔሻሊስት መላክን መጠየቅ ተገቢ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀት ሳይዝ ቢሄድ መድኑ ሙሉ ወጪውን ላይሸፍንለት ይችላል።

ስለ ሐኪሙ ብዙ የሚናገረው የመጀመሪያው ቀን ነው። ጥሩ ሐኪም ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እንዴት እንደሆነ፣ በቤተሰቡ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩን፣ አረቄና ጫት መወሰዱን ያጣራል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነት ሕመምተኛው ምን እንዳየና ማንን እንዳጣ ሳይጠይቅ የሰሜን ወሎን ሰው እንቅልፍ ማጣት የሚያክም ሐኪም ግማሹን ታሪክ ትቷል። የአካል ምርመራም ያስፈልጋል። የእንቅርት ዕጢ መታወክ ጭንቀትና ድብርት ሊመስል ይችላል፤ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ተላላፊ በሽታም ሰውን ሊያስቃዥ ይችላል።

ሌላው መለኪያ አነጋገሩ ነው። ሕመምተኛው ራሱ እየሰማ ስለ እርሱ ለወንድሙ ብቻ የሚያስረዳ ሐኪም የሕመምተኛውን እምነት በቀላሉ አያገኝም። ቤተሰብ መገኘቱ ጠቃሚ ቢሆንም ለጥቂት ደቂቃ ሕመምተኛውን ለብቻው ማነጋገር ይገባል፤ በተለይ ሴት ሕመምተኛ ባሏ ባለበት የማትናገረው ነገር ሊኖር ይችላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን በግልጽ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ቤተሰቡ ያለ ሐፍረት ቢጠይቅ ይመረጣል። «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት ምን ይሠራል? በስንት ቀን ለውጥ እንጠብቅ? ምን ብናይ ቶሎ እንመለስ?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ይወስዳል፤ ይህ ያልተነገረው ሰው በአሥረኛው ቀን አልሠራም ብሎ ይጥለዋል። ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው አንገቱ ሊጣመም፣ ዐይኑ ወደ ላይ ሊሳብ ይችላል። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ይህን ባየ ጊዜ መንፈሱ ባሰበት ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። በሕክምና ግን በፍጥነት የሚስተካከል የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሊትየም የሚወስድ ሰው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ውኃ ሳይጠጣ ረጅም ሰዓት ቢቆይ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊበዛ ስለሚችል ሐኪሙ ስለ ጾም መጠየቅ አለበት። ልጅ ልትወልድ ለምትችል ሴት ሶዲየም ቫልፕሮኤት ሲታዘዝ በጽንስ ላይ የሚያስከትለው አደጋ ሊነገራት ይገባል።

በላስታ ብዙ ሕመምተኛ ከሐኪም በፊት ጠበል መሄዱን የማያውቅ ሐኪም አገሩን አያውቅም። ይህን ሰምቶ የሚያፌዝ ከሆነ ቤተሰቡ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀዋል፤ የተደበቀ ነገር ደግሞ ሕክምናውን ያበላሻል። ተስማሚው ሐኪም ጠበሉን ሳይከለክል መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ይስማማል፤ ሕመምተኛው ታስሮ ወይም ሳይበላ እየዋለ መሆኑንም ይጠይቃል።

ቀጠሮም ይመዘናል። በእርሻና በአጨዳ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ና የሚል ትእዛዝ ከሩቅ ለሚመጣ አርሶ አደር አይፈጸምም። ሁኔታው ከተረጋጋ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት፣ ክትትሉን ለቅርቡ ጤና ጣቢያ ማስተላለፍ ወይም በየወሩ ገደማ በሚሰጥ መርፌ መተካት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። «አይሆንም» ቢባል እንኳ ምክንያቱን የሚያስረዳ ሐኪም አለ፤ ጥያቄውን እንደ ድፍረት የሚቆጥርም አለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል።

በአንድ ቀን ግን መፍረድ አይገባም። ወረፋው በበዛበት ክፍል የቸኮለ ሐኪም ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይነግራል። ለውጥ የሚፈልግ ቤተሰብም ሌላ ባለሙያ እስኪያገኝ መድኃኒቱን በራሱ ማቆም የለበትም። ወደ አዲሱ ሐኪም ሲሄድ የሕክምና ካርዱን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያ ይዞ ቢሄድ፣ ቀድሞ የተሞከረው እንደ አዲስ አይጀመርም፤ የሐኪም ጽሑፍ ባይነበብ እንኳ ማሸጊያው ይነበባል።