ለሽያጭ በሚቀርብ ቤት ውስጥ መኝታ ቤት የሚባለው የትኛው ነው?

በአሜሪካ፣ ይልቁንም በዋሽንግተን ዙሪያ በሚገኙት በሜሪላንድና በቨርጂንያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው ይኖራሉ፤ ኑሯቸው ሲለወጥም ይሸጣሉ። በዚያ አገር የቤት ዋጋ ከሚተመንባቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የመኝታ ቤቶቹ ቍጥር ነው። ስለዚህ ባለ 3 መኝታ የነበረው ቤት ባለ 4 ተብሎ በማስታወቂያ ሲወጣ የሚጠየቅበት ዋጋ ከፍ ይላል። ነገር ግን አራተኛው ክፍል በእውነት መኝታ ቤት ነውን?

በተለምዶ አልጋ የተዘረጋበት ክፍል ሁሉ መኝታ ቤት ይባላል። በግድግዳው ውስጥ ቁም ሣጥን የተሠራለት ክፍል ሁሉ በሕግ መኝታ ቤት የሆነ የሚመስላቸውም አሉ። ሁለቱም አስተያየት ትክክል አይደለም። ቁም ሣጥን ገዢዎች በልማድ የሚጠብቁት ነገር ነው እንጂ ከዚህ በታች የተገለጸው ደንብ የሚጠይቀው አይደለም። ደንቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው፣ በክፍሉ ውስጥ የተኛው ሰው በእሳት ጊዜ ማምለጥ መቻሉን ነው።

በዚያ አገር ለሁሉም ክፍላተ ግዛት በአንድነት የሚሠራ የቤት ሥራ ሕግ የለም። ነገር ግን ብዙዎቹ፣ በ2000 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውን ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት ደንብ መሠረት አድርገው፣ ለየአካባቢያቸው እያሻሻሉ ይሠሩበታል። የደንቡም ዋና ዋና ቃሎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የወለሉ ስፋት ከ70 ካሬ ጫማ፣ ማለት ከ6.5 ካሬ ሜትር ያላነሰ፤ ጎኑ በየትኛውም በኩል ቢለካ ከ7 ጫማ ያልጠበበ፤ የጣሪያውም ከፍታ በመሠረቱ ከ7 ጫማ፣ ማለት ከ2.13 ሜትር ያላነሰ መሆን አለበት።

2ኛ/ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ ከውስጥ የሚከፈት ማምለጫ መስኮት ወይም በር ሊኖረው ይገባል። መስኮቱ ሲከፈት ክፍተቱ ከ5.7 ካሬ ጫማ አያንስም፤ ከመሬት ጋር የተስተካከለ ወይም ከመሬት በታች ያለ ከሆነ ግን 5 ካሬ ጫማ ይበቃል። የክፍተቱ ቁመት ከ24 ኢንች፣ ወርዱ ከ20 ኢንች አያንስም፤ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች፣ ማለት ከ112 ሳንቲ ሜትር በላይ አይርቅም።

3ኛ/ በክፍሉ ውስጥና ከክፍሉ ደጅ የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል መኖር አለበት።

በሁለተኛው ቃል ብዙ ሰው ይሳሳታል። 24 ኢንች ቁመትና 20 ኢንች ወርድ ቢባዙ 3.3 ካሬ ጫማ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ቁመቱ 24 ኢንች የሆነ መስኮት 5.7 ካሬ ጫማ ለመሙላት 34 ኢንች ያህል ወርድ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ልክ ያለ ምክንያት አልተወሰነም። እሳቱ ደረጃውን በያዘ ጊዜ የተኛው ሰው በመስኮቱ እንዲወጣ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም የመተንፈሻ መሣሪያውን በጀርባው እንዳዘለ እንዲገባ ነው።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከምድር በታች ባለው፣ ቤዝመንት በሚባለው ክፍል ነው። እዚያ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለና ጠባብ ሊሆን ይችላል። ደንቡን ለማሟላት ግድግዳው ተቆርጦ ይሰፋል፤ በውጭም በኩል ሰው የሚቆምበት፣ ስፋቱ ከ9 ካሬ ጫማ ያላነሰ ጉድጓድ ይቆፈራል። የጉድጓዱ ጥልቀት ከ44 ኢንች የበለጠ እንደሆነ መሰላል ይደረግለታል።

ስለዚህ ሻጭ የሆነ ሰው ቤቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ክፍሉን በሜትር ለክቶ፣ ክፍሉ ሲሠራ የግንባታ ፈቃድ ወጥቶለት እንደሆነ ከአካባቢው የሕንፃ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባዋል። ደንቡን የማያሟላውን ክፍል «ቢሮ» ወይም «ተጨማሪ ክፍል» ብሎ ማስታወቅ ይሻላል። መኝታ ቤት ብሎ ከሸጠ በኋላ ነገሩ ቢገለጥ ለክርክር ይዳርገዋል። የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ባለው ቤት ደግሞ የጉድጓዱ መጠን ብዙውን ጊዜ በመኝታ ቤቶቹ ቍጥር የሚወሰን ስለሆነ፣ ክፍል መጨመር ሌላ ፈቃድ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ገዢም የማስታወቂያውን ቍጥር ብቻ አይመን። መስኮቱን በእጁ ይክፈተው፤ በዚያም ማለፍ ይችል እንደሆነ ይመልከት። በዚያ ክፍል ነገ የሚያድረው ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ወይም የገዛ ልጁ ሊሆን ይችላል። በዋጋው ላይ የተጨመረው ገንዘብ ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ መውጫ ባጣ ክፍል የጠፋ ነፍስ ግን አይመለስም።